ለአንድ ቪዲዮ አሥራ አራት ኤክስቴንሽን

የእህቴ ልጅ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ይማራል። ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ አቶቴ እኛ ቤት መጣ። «አጎቴ፣ ቪዲዮ ስከፍት ይጮሃል» አለኝ። የሚጮኸው ቪዲዮው አልነበረም፣ ፋኑ ነው። አንድ የሕንድ መምህር ስለ ሰርኪዩት የሚያስረዳበትን ቪዲዮ ከፈተ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ማጓራት ጀመረ፣ ከሥሩ ያለው የጠረጴዛ ልብስ ሞቀ፣ ምስሉም ቆም ሄድ ይል ጀመር።

ክሮም የሚባለው የጎግል ብራውዘር ላይ ከአድራሻ መጻፊያው አጠገብ ያለችውን የእንቆቅልሽ ቁራጭ የምትመስል ምልክት ነካሁ። አሥራ አራት ኤክስቴንሽን ተደርድሯል። ሁለቱ ማስታወቂያ ያግዳሉ። ሦስቱ ቪፒኤን ናቸው፣ መስመራችሁን በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል የሚያዞሩ። አንዱ ድምፅ ይጨምራል፣ አንዱ ገጹን ያጨልማል፣ አንዱ ቪዲዮ አወርዳለሁ ይላል ግን አያወርድም። አንዱን ደግሞ ምን እንደሚሠራ ባለቤቱም አያውቀውም። «ከየት ሰበሰብከው?» ስለው ሳቀ። ‹ሊኖሯችሁ የሚገቡ ኤክስቴንሽኖች› የሚል ቪዲዮ አይቶ ነው፤ አንዱን ሲያይ ሌላው ይመጣለት ነበር።

እነዚያን ዝርዝሮች የሚሠሩ ሰዎች ውሸታሞች ናቸው አልልም። ግን የእነሱ ምቾትና የእኛ ምቾት አንድ አይደለም። እነሱ ገደብ የሌለው ኢንተርኔት አላቸው፣ ማሽናቸውም አዲስ ነው፤ የሚያስጨንቃቸው የገጹ ቀለምና የማስታወቂያው ርዝመት ነው። ሐዋሳ ላይ ቪዲዮው ተመቸኝ ማለት ጥቅሌ ቶሎ አላለቀም፣ ላፕቶፑ ጭኔን አላቃጠለም፣ የሰውዬው ንግግር ተሰማኝ ማለት ነው። መብራት ሳይጠፋ ጨረስኩት ማለትም ነው፤ ለእሱ እንኳ እስካሁን ኤክስቴንሽን አልተሠራም።

መጀመሪያ ግን ኤክስቴንሽን ምን እንደሆነ እንስማማ። ብራውዘሩ፣ ማለትም ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ፕሮግራም ነው። የምትከፍቱት ገጽ እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ወይም ከደረሰ በኋላ ገብቶ ይነካካዋል፤ አንዱን ነገር ይደብቃል፣ ሌላውን ይጨምራል፣ ሦስተኛውን ይቀይራል። ይህን ለማድረግ ደግሞ ገጹን ማንበብ አለበት። ስትጭኑት ክሮም «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃህን ማንበብና መቀየር ይችላል» የሚል ትርጉም ያለው ማስጠንቀቂያ ያሳያችኋል። ሁላችንም ሳናነብ እሺ እንላለን። እዚያ ላይ ያለው «ሁሉም» የሚለው ቃል ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ዩቲዩብም አለበት፣ ኢሜይላችሁም አለበት፣ የባንክ ገጻችሁም አለበት።

ከጥቅሉ እንጀምር፣ የሁላችንም ቁስል እሱ ነውና።

ዩቲዩብ ራሱ ለየጥራት ደረጃው የሚመክረው የኢንተርኔት ፍጥነት አለ፤ የደረጃው ቁጥር ምስሉ ከላይ እስከ ታች ስንት መስመር እንዳለው ነው። ለ360 በሰከንድ 0.7 ሜጋቢት፣ ለ480 1.1፣ ለ720 2.5፣ ለ1080 ደግሞ 5 ሜጋቢት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለስምንት አካፍሉትና በ3,600 ሰከንድ አባዙት። ለአንድ ሰዓት 360 ላይ 315 ሜጋባይት ገደማ፣ 480 ላይ 495፣ 720 ላይ ከ1.1 ጊጋባይት ትንሽ በላይ፣ 1080 ላይ 2.25 ጊጋባይት ይመጣል። ይሄ የሚመከረው ፍጥነት ስለሆነ ትክክለኛው ፍጆታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። ቪዲዮ የሚታመቀው በአብዛኛው ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ የተቀየረውን በመመዝገብ ስለሆነ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው ትንሽ ይበላል፣ ኳስ ጨዋታ ብዙ ይበላል። ሆኖም በደረጃዎቹ መካከል ያለው ልዩነት የሚያስደነግጥ ነው። ከ1080 ወደ 480 መውረድ ማለት በዚያው ጥቅል አራት እጥፍ ያህል ማየት ማለት ነው።

አሁን የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ እዩ። ስክሪኑ 1366 በ768 ነው፤ እዚህ አገር በእጃችን ያሉት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። 768 መስመር ብቻ ያለው ስክሪን ላይ 1080 መክፈት በስኒ ላይ ጆግ ሙሉ ቡና መገልበጥ ነው። ተከፍሎበታል ግን አይጠጣም። እሱ ግን ከዝርዝሩ ላይ ባገኘው ኤክስቴንሽን ሁሉንም ቪዲዮ ሁልጊዜ በከፍተኛው ጥራት እንዲከፈት አዞ ነበር። «ጥራት ይጨምራል» ብለውታል። የጨመረው ሒሳቡ ነው።

የሚገርመው ያው ኤክስቴንሽን በተቃራኒው ቢታዘዝ ጠቃሚ ነው። ዩቲዩብ ጥራቱን እንደ መስመሩ ፍጥነት ራሱ ይመርጣል፤ ማታ መስመሩ ፈጠን ሲል ሳታውቁት ወደ ላይ ይወጣል። ጥራቱን 480 ላይ የሚቆልፍ ኤክስቴንሽን ይህን ያስቀራል። ሥራው ያው ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ነው የተቀየረው። እንግዲህ ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ለማን እንደጻፈው ከዚህ ይታያል።

ሌላም ያለ ኤክስቴንሽን የሚገኝ ቁጠባ አለ። ዩቲዩብ ላይ በአካውንታችሁ ቅንብር ውስጥ የማጫወቻ ክፍል አለ፤ እዚያ አይጡን ቪዲዮ ላይ ስታሳርፉ በራሱ የሚጫወተውን ነገር ማጥፋት ትችላላችሁ። ቪዲዮው ሲያልቅ ቀጣዩን በራሱ የሚከፍተውንም ከማጫወቻው ሥር ባለችው ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉት። ቪዲዮ እያየ የሚተኛ ሰው በየቤቱ አለ። ጠዋት ሲነሳ ጥቅሉን የሚረግመው እሱ ነው።

ፋኑ ለምን ጮኸ ወደሚለው እንምጣ። ይሄኛው ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ነው፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስንገዛ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» ብለን ነው። መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ሱቆች ገብታችሁ ካልጠየቃችሁ ሻጩ ራሱ ይነግራችኋል። ግን ጄኔሬሽኑ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ ለቪዲዮ ምን ትርጉም እንዳለው የሚነግራችሁ የለም። ቪዲዮ ታምቆ ነው የሚመጣው፤ ላፕቶፑ ይፈታዋል። የማመቂያ ዘዴዎቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። አሮጌው ኤች.264 ይባላል፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጎግል በ2013 ቪፒ9ን አመጣ። በ2018 ደግሞ ብዙ ኩባንያዎች ተባብረው ኤቪ1ን አወጡ። አዳዲሶቹ ያንኑ ምስል ባነሰ መጠን ያምቁታል። ዩቲዩብም መረጃ ስለሚቆጥብለት አዲሶቹን መላክ ይወዳል።

ችግሩ መፍታቱ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለአንድ ዘዴ ብቻ የተሠራ ቦታ ካለ፣ ቪዲዮው ያለ ድካም ይፈታል፣ ፋኑም አይነሳም። ከሌለ ዋናው ፕሮሰሰር በጉልበቱ ይታገላል። የኢንቴል ማሽኖች ኤች.264ን ከድሮ ጀምሮ በዚያ መንገድ ይፈቱታል። ቪፒ9ን በሙሉ የሚፈቱት ከ7ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉት ናቸው። ኤቪ1ን ከ11ኛው ወዲህ። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ 5ኛ ጄኔሬሽን ነው። ዩቲዩብ አዲሱን ይልክለታል፣ እሱ አሮጌ ነው፣ በጉልበት ይፈታል፣ ይግላል፣ ይጮሃል፣ ባትሪውም በአንድ ሌክቸር ያልቃል።

ኤች 264 ኢፋይ የሚባል ትንሽ ኤክስቴንሽን አለ። የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብራውዘሩ አዲሶቹን ዘዴዎች እንደማያውቅ አስመስሎ ለዩቲዩብ ይነግረዋል። ዩቲዩብም አሮጌውን ይልካል። ጫንኩለት፣ ገጹን እንደገና ከፈትኩት። ፋኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዝም አለ። ልጁ ጆሮውን ላፕቶፑ ላይ አስጠግቶ አዳመጠ፣ የጠፋ መስሎት።

ግን ነፃ ምሳ የለም። አሮጌው ዘዴ ለዚያው ጥራት ከአዲሶቹ የበለጠ መረጃ ይበላል። ላፕቶፑን ያሳረፈው ጥቅሉን ይጎዳል፣ ጥቅሉን የሚያሳርፈው ላፕቶፑን ያደክማል። ስለዚህ ሁለቱን ማጣመር ነው፤ አሮጌውን ዘዴ ከ480 ጋር። ላፕቶፓችሁ 11ኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ። ይህን ኤክስቴንሽን አትጫኑ፤ ያው የማጫወቻ ቅንብር ውስጥ ኤቪ1ን አስቀድም የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ምረጡ። የአንዱ መድኃኒት የሌላው በሽታ ነው። አንድ ዝርዝር ለሁሉም ሰው አይሠራም የምለው ለዚህ ነው።

ድምፅ ላይ ባጭሩ እናገራለሁ። ድምፁን እስከ ስድስት እጥፍ እናሳድጋለን የሚሉ ኤክስቴንሽኖች አሉ። ያሳድጋሉ፣ እውነት ነው። ግን ንግግሩን ብቻ አይደለም፤ ጫጫታውንም፣ መሐል የገባውን ሙዚቃም አብረው ያሳድጋሉ፣ ከመጠን ሲያልፍ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የላፕቶፑን ትንሽ ስፒከርም ሊያበላሽ ይችላል። ድምፁ ዝቅ ብሎ ለተቀዳ ሌክቸር አንድ ተኩል እጥፍ ቢበቃ ነው። ንግግሩ ዝቅ፣ ሙዚቃው ከፍ እያለ ለሚያስቸግራችሁ ደግሞ ዩቲዩብ ከ2023 ጀምሮ ድምፁን የሚያመጣጥን የራሱ ምርጫ አለው፤ የማጫወቻው ጥርስ ያላት ምልክት ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ፍጥነትም እንደዚያው። ልጁ ፍጥነት የሚቀይር ኤክስቴንሽን ነበረው። ዩቲዩብ ግን ራሱ ከ0.25 እስከ 2 እጥፍ ይቀይራል። ከኪቦርዱ ጋር ከተዋወቃችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አያሻችሁም። ኬ የተጻፈባት ቁልፍ ታቆማለች፣ ጄ 10 ሰከንድ ወደኋላ ትመልሳለች፣ ኤል 10 ሰከንድ ወደፊት ትወስዳለች፣ ሲ የግርጌ ጽሑፉን ታወጣለች። ቀመር ላይ ስትደርሱ በጄ መለስ፣ በኬ ቆም። የሕንድ መምህራኑን የሚከታተል ተማሪ ፍጥነቱን 0.75 አድርጎ የግርጌ ጽሑፉን ካወጣ ግማሹ ችግሩ ተቃለለ። እዚህ ስንቱ ተማሪ ግቢ ውስጥ ያልገባውን ትምህርት የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋማት በነፃ ከለቀቁት ሌክቸር እንደተማረ ራሱ ተማሪው ይንገራችሁ። ከዩቲዩብ ውጪ ባሉ ገጾች ላይ ግን ማጫወቻው ብዙ ጊዜ ድሃ ነው፤ የፍጥነት ኤክስቴንሽን የሚጠቅመው እዚያ ነው።

አንድ የማደንቀው አለ፤ ስፖንሰርብሎክ ይባላል። ከ2019 ጀምሮ ያለ ነው። ቪዲዮው ውስጥ ያለውን የስፖንሰር ወሬ፣ የመግቢያ ሙዚቃ፣ «ላይክና ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚለውን ልመና ዘሎ ያልፋል። ከየት እስከ የት እንደሚዘለል የሚነግረው ማሽን አይደለም፣ ቀድሞ ያየ ተመልካች ነው። ሰው ምልክት ያደርጋል፣ ሌላው ይጠቀማል። ደቦ ነው በአጭሩ። አሠራሩም ጨዋ ነው፦ የምታዩት ቪዲዮ የቱ እንደሆነ በቀጥታ ለሰርቨሩ አይነግርም፤ ከቪዲዮው መለያ የተሠራ ድብቅ ኮድ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፊደላት ብቻ ነው የሚልከው።

እኔ በምከታተላቸው የአማርኛ ቻናሎች ላይ ግን አንድም ምልክት አጋጥሞኝ አያውቅም። ደቦ የሚሠራው ሰው ሲወጣ ነው፣ እኛ ገና አልወጣንም። የአማርኛ ቪዲዮ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይህን የሚፈልግ ነው። ሰላምታው፣ የቤተሰብ ምስጋናው፣ ደውሏን ተጫኑ፣ ሼር አድርጉ፣ ከዚያ የመግቢያ ሙዚቃ፣ ከዚያ እንደገና ሰላምታ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ርዕሱ ይጠራል። ምልክት ማድረግ ሁለት ጠቅታ ነው፤ እኔ ሰባት ቪዲዮ ላይ አድርጌአለሁ፣ በዚያ ልክ ሐዋሳን ወክያለሁ።

ወደ ማስታወቂያ ማገጃ እንምጣ። ይሄ ዛሬ ትልቁ ጭቅጭቅ ነው።

በእኛ በኩል ያለው ክርክር ቀላል ነው። ማስታወቂያውም በእኔ ጥቅል ነው የሚመጣው። ሁለት የ15 ሰከንድ ማስታወቂያ በ720 ፍጥነት ብትቆጥሩት ከ9 ሜጋባይት በላይ ነው። በቀን አሥር ቪዲዮ የሚያይ ሰው ያላዘዘውን ዕቃ ማጓጓዣ እየከፈለ ነው። በሌላ በኩል ግን ያ ማስታወቂያ የሠሪው እንጀራ ነው። እዚሁ ከተማ ካሜራ ገዝቶ፣ ሐይቁ ዳር እየዞረ የሚቀርጽ ልጅ አለ፤ ሁላችንም ካገድንበት የሚያገኘው ምንድነው? ዩቲዩብም ማገጃ መጠቀም ደንቤን መጣስ ነው ይላል፤ በ2023 ማገጃ ያለበት ሰው ቪዲዮ እንዳይከፍት መከልከል ጀምሯል። እኔ ምን አደርጋለሁ? ለምወዳቸው ልጆች ማገጃውን አጠፋለሁ፣ ለቀሪው አበራለሁ። ፍጹም ፍትሕ ነው አልልም።

አዲሱ ነገር ግን የመጣው ከብራውዘሩ ነው። ድሮ ማገጃ ኤክስቴንሽን እንደ በር ዘበኛ ነበር። ገጹ አንድ ነገር ሊያመጣ ሲል ብራውዘሩ «ይግባ?» ብሎ ዘበኛውን ይጠይቃል፣ ዘበኛው አይቶ ይወስናል። ጎግል በ2018 ይህን የሚቀይር አሠራር ይዞ መጣ፤ ማኒፌስት 3 ይባላል። በአዲሱ አሠራር ዘበኛው በሩ ላይ አይቆምም፤ የማይገቡትን ስም ዝርዝር አስቀድሞ ለብራውዘሩ ይሰጣል፣ ብራውዘሩ ራሱ ያግዳል። ጎግል በ2024 አጋማሽ አሮጌዎቹን ኤክስቴንሽኖች ማስጠንቀቅ ጀመረ፣ በ2025 ክሮም ላይ ዘጋቸው። ሬይመንድ ሂል የሚባል ሰው በ2014 የሠራው ዩብሎክ ኦሪጅን፣ ብዙ ሚሊዮን ሰው የሚጠቀምበት ማገጃ፣ ክሮም ላይ የቀረው እንደዚህ ነው። በምትኩ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት የሚባል ቀለል ያለ ወንድሙ አለ። ሙሉውን የፈለገ ፋየርፎክስ ወደሚባለው ሌላ ብራውዘር ይሄዳል፤ ፋየርፎክስ አሮጌውንም አሠራር አልዘጋም።

ጎግል ያቀረበው ምክንያት ደህንነትና ፍጥነት ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ገቢው በአብዛኛው ከማስታወቂያ የሆነ ኩባንያ ማስታወቂያ ማገጃን የሚያዳክም ሕግ ሲያወጣ አትጠርጥሩ ማለት ከባድ ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አስባለሁ። ጅብ የፍየል ጠባቂ ቢሆን የበረቱ አጥር መሰበሩ ግን እውነት ሊሆን ይችላል።

አጥሩ ተሰብሯልና። ግሬት ሰስፔንደር የሚባል ኤክስቴንሽን ነበር፤ የማትጠቀሙባቸውን ገጾች እያስተኛ ማሽን የሚያቀልል፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚወደው። ሠሪው በ2020 ለሌላ ሰው ሸጠው። አዲሱ ባለቤት ተንኮል ጨመረበት፤ በየካቲት ወር 2021 ጎግል አስወገደው። ተጠቃሚው ምንም አላደረገም፤ ኤክስቴንሽን በራሱ ነው የሚታደሰው። ትናንት የታመነ ሠራተኛ ነበር፣ ዛሬ ቁልፉን ይዞ የገባው ሌላ ሰው ነው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ሳይበርሄቨን የሚባል፣ ሥራው ራሱ የመረጃ ጥበቃ የሆነ ኩባንያ፣ ከጎግል የመጣ በሚመስል የማጭበርበሪያ ኢሜይል ተታሎ ኤክስቴንሽኑን ለሌቦች አስረከበ። በዚያው ዘመቻ ሌሎች ብዙ ኤክስቴንሽኖችም ተነክተዋል።

እኔም ደርሶብኛል። ምስል የሚያሳድግ አንድ ትንሽ ኤክስቴንሽን ነበረኝ፣ ሁለት ዓመት ያገለገለኝ። አንድ ቀን ጎግል ላይ የፈለግሁት ነገር ሁሉ ወደማላውቀው ገጽ መውሰድ ጀመረ። ቫይረስ ነው ብዬ ዊንዶውሱን እስከ ማስቀየር ደረስኩ። አዲሱ ዊንዶውስ ላይ አካውንቴን ስከፍት ክሮም ያንኑ ኤክስቴንሽን መልሶ ጫነልኝ፣ ነገሩም አብሮ ተመለሰ። ሌባውን አባርሬ በር ላይ ጠብቄ ራሴ አስገባሁት።

ቪፒኤኖቹስ? የእህቴ ልጅ ሦስቱ ከየት እንደመጡ ያስታውሳል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ አገሪቱ ላይ ተገድበው ሳለ የተጫኑ ናቸው። ያኔ ሁላችንም ያገኘነውን ነፃ ቪፒኤን ጫንን። ገደቡ ተነሳ፣ ቪፒኤኑ ግን እስከ ዛሬ ቁጭ ብሏል። ነፃ ቪፒኤን የሚያስኬድ ሰው ሰርቨር ይከራያል፤ ኪራዩን ከየት ይከፍላል? ሆላ የሚባለው በ2015 እ.ኤ.አ. የነፃ ተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች እንደሚሸጥ ታውቆ ነበር። እንግዲህ ጥቅል እያለቀብኝ ነው ብሎ የሚያማርር ሰው መስመሩን ለማያውቀው ሰው እያከራየ ሊሆን ይችላል። ለቪዲዮም ቢሆን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ከሐዋሳ ተነስቶ ባሕር ማዶ ደርሶ የሚመለስ ቪዲዮ ይንቀራፈፋል።

የዳውንሎደሩን ነገር ሳልናገር አልለፍ። የክሮም መደብር ከዩቲዩብ ቪዲዮ የሚያወርዱ ኤክስቴንሽኖችን አይፈቅድም። ስለዚህ መደብሩ ውስጥ አወርዳለሁ የሚለው ዩቲዩብ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ሰው ይናደድና ከመደብሩ ውጪ ያገኘውን ፋይል በእጁ ይጭናል። ያኔ ማንም ያልመረመረውን ነገር ነው ቤቱ ያስገባው። ከዚያ ይልቅ ሱቅ ሄዶ ፍላሽ ላይ ማስጫን ይሻላል ልል ነበር፣ እሱም የራሱ ቫይረስ አለው።

የልጁ ላፕቶፕ ላይ ከአሥራ አራቱ ሁለት ቀሩ፣ እኔ ከጫንኩለት ጋር ሦስት ሆኑ፦ ኤች.264 የሚያስመጣው፣ ጥራቱን 480 ላይ የሚቆልፈው፣ አንድ ማገጃ። ሦስቱም ላይ ምልክታቸውን በቀኝ ጠቅ አድርጌ ገብተው የሚያነቡትን ገጽ ወሰንኩ። ክሮም «ምልክቱን ስነካ ብቻ»፣ «እዚህ ገጽ ላይ ብቻ»፣ «ሁሉም ላይ» ብሎ ያስመርጣል። ሁለቱን ዩቲዩብ ላይ ብቻ አልኳቸው። ለባንኩ ደግሞ ክሮም ውስጥ ሌላ ፕሮፋይል ከፈትኩለት፣ ምንም ኤክስቴንሽን የሌለበት። ገንዘብ ሲሆን በዚያ በኩል ይግባ። «ስንት ብር አለህና ነው» ብላ እናቱ ሳቀችበት።

ይህን ሁሉ ስናደርግ እናቴ ቡና እየለቀመች ታዳምጠን ነበር። «ታዲያ የእኔንስ?» አለች ስልኳን እያሳየች። ጥያቄው ልክ ነው፤ አብዛኛው ሰው ቪዲዮ የሚያየው በስልክ ነው። ክሮም አንድሮይድ ላይ ኤክስቴንሽን አይቀበልም። የዩቲዩብ አፕማ ጭራሽ ብራውዘር አይደለም። ፋየርፎክስ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ በአንድሮይድ ስልክ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤክስቴንሽኖችን ከፍቷል፣ አይፎን ላይም ሳፋሪ ከ2021 ወዲህ ይቀበላል። ግን እማዬን ከአፑ አውጥቶ ፋየርፎክስ ላይ ስብከት ፈልጊ ማለት ጠብ መጀመር ነው።

አፑ ውስጥ ገብቼ የቪዲዮ ጥራት ከሚለው ሥር ዳታ ቆጣቢውን አበራሁላት። ስብከቱን ከፈተች። «የመምህሩ ፊት ደበዘዘ» አለች። ይቅርታ ጠይቄ ልመልሰው ስል ስልኩን በግንባሩ ሰፌዱ አጠገብ ደፋችውና ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ስብከቱ እንደዚያው ተደፍቶ አርባ ደቂቃ ሄደ። እሷ ቡና ስትወቅጥ ቀስ ብዬ አንስቼ ወደ 144 አወረድኩት።